በረገፈ ቅጠል ሥር የሚበቅሉ ትናንሽ እንጉዳዮችን መፈለግና መለየት

እንደ መናገሻ ሱባ ባሉ የደጋ ደኖች፣ በጽድ፣ በዝግባና በወይራ ሥር በተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ውስጥ፣ ቆባቸው ከጣት ጥፍር የማይሰፋ እንጉዳዮችን ለመፈለግ የሚመቸው ጊዜ ክረምት ነው። ቆሞ የሚራመድ ሰው ግን አንዳቸውንም ላያይ ይችላል፤ አንድ ጥላማ ቦታ መርጦ ተንበርክኮ፣ የላይኛውን ደረቅ ቅጠል በጣት እየገለጡ ወደ እርጥቡ መውረድ ደኑን ሁሉ ከመዞር ይሻላል። ለሥራው አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ደብተርና ክዳን ያላት ትንሽ ሣጥን ይበቃሉ። በፌስታል የተያዘ ናሙና ታፍኖ ቶሎ ይበሰብሳል።

በእኔ ግምት ጀማሪዎች አብዝተው የሚዘነጉት እንጉዳዩ የበቀለበትን ነገር ነው። አንዳንድ ዝርያዎች የሚበቅሉት በተወሰነ ዛፍ ቅጠል ወይም ፍሬ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቆቡን ቀንጥሶ ከመሄድ በፊት እግሩን እስከ መነሻው ተከትሎ፣ ከቅጠል፣ ከጭራሮ፣ ከወደቀ ፍሬ ወይም ከአፈር መውጣቱን ማረጋገጥ፣ ከተቻለም ከነተጣበቀበት ነገር ማንሳት ያስፈልጋል።

እግሩ እንደ ፈረስ ጭራ ቀጭን፣ ጥቁርና ጠንካራ ከሆነ ማራስሚየስ የተባለው ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ) ሊሆን ይችላል፤ ይህ ወገን ደርቆ ከተጨማደደም በኋላ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ይዘረጋል። ማይሲና የተባለው ወገን ግን ተሰባሪ ነው፤ አንዳንድ ዝርያዎቹ ትኩስ እግራቸው ሲሰበር ነጭ ወይም ቀይ ፈሳሽ ስለሚያወጡ፣ ይህ ፈተና እዚያው ጫካ ውስጥ መደረግ አለበት። በጭራሮ ላይ ዋንጫ ቅርጽ ያላት፣ ጥቃቅን ጠፍጣፋ ክብ ነገሮችን የያዘች እንጉዳይ ከታየች ሳያተስ ልትሆን ትችላለች፤ የዝናብ ጠብታ ሲወድቅባት እነዚያ ክቦች ተፈናጥረው ይወጣሉ፣ ስፖር፣ ማለትም እንጉዳይ የሚራባበትን እንደ ዱቄት የደቀቀ ዘር መሰል ነገር፣ የሚይዙትም እነርሱ ናቸው።

ቤት እንደተገባ የስፖሩ ቀለም ይታያል። ቆቡን ከእግሩ ለይቶ፣ ከሥሩ ያሉት ስስ ንጣፎች ወደ ታች ሆነው በመስታወት ቁራጭ ላይ ማስቀመጥ፣ ትንሽ ቆብ ቶሎ ስለሚደርቅም ከላዩ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሮ ብርጭቆ ደፍቶ ማሳደር ነው። በማግስቱ መስታወቱ በጥቁር፣ ቀጥሎም በነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ቀለሙ በግልጽ ይነበባል፤ የማራስሚየስና የማይሲና ነጭ ሲሆን ጋለሪና የተባለው ሌላ ወገን ግን የዝገት ቡናማ ነው።

ይህ የመጨረሻው ወገን አማቶክሲን የተባለ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ያላቸውን ዝርያዎች ይዟል፤ መርዙን መቀቀል አያስወግደውም፣ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ መንካት ባይጎዳም፣ ከእነዚህ ትናንሽ የጅብ ጥላዎች አንዱም ለምግብ አይታሰብ።

ብዙ የአፍሪካ እንጉዳዮች ገና ሳይንሳዊ ስም ስላልወጣላቸው፣ በአውሮፓ መጽሐፍ ሥዕል ተመርቶ የዝርያ ስም ከመለጠፍ በወገን ስም መቆም ይመረጣል። ናሙናው በ40 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ደርቆ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ዛፉና ትኩስ ሳለ የነበረው ቀለም ተጽፎበት በወረቀት ፖስታ ከተቀመጠ፣ ኋላ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ባለሙያ ሊጠቀምበት ይችላል።