ጀልባችሁን ከቤንዚን ወደ ናፍጣ ከመቀየራችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ወደ ናፍጣ የተቀየረ አንድ ጀልባ ክሬን ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ግቢያችን ገባ። ስሙ የተጻፈበት ነጭ ጀርባው ጠቁሯል። በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ እንደ ምጣድ ጥላሸት እጄ ላይ ቀረ። ሞተሮቹን ሳላይ ችግሩን አወቅኩት። ይህን ጥላሸት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ቤይ ዳር በሚገኝ የጀልባ ጥገና ግቢ ነው። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ፣ ላንድክሩዘር ሥር ተኝቼ ነው። አሁን አሁን ከዋሽንግተን አካባቢ ወገኖቼም ይደውሉልኛል። አሮጌ የቤንዚን ጀልባ በጥሩ ዋጋ አግኝተዋል፤ ናፍጣ ማድረግ ይፈልጋሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ከጀልባው ሆድ ይተኛል። ከዚያ በኋላ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የቤንዚን ሞተር ከመነሣቱ በፊት የአየር ማስወጫው ቢያንስ 4 ደቂቃ ይሥራ የሚባለው ለዚህ ነው። ልጆቹን ጭኖ ለሚወጣ ሰው ናፍጣ ትልቅ እፎይታ ነው። ሥራው ግን ሞተር አውጥቶ ሞተር ማስገባት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ገንዘባቸው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ መቀየር

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። ጀልባው ባለ ሁለት ሞተር ሆኖ፣ ሁለቱ ናፍጣዎች ከቤንዚኖቹ በሰዓት 8 ጋሎን ቆጠቡላችሁ እንበል። ለመዝናኛ የምትወጡ ከሆነ በዓመት 100 ሰዓት ብትነዱ ነው። 800 ጋሎን። በምትቀዱበት ዋጋ አባዙትና ከሥራው ወጪ ጋር አስተያዩት። ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ እስኪጨርስም ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል። ለደኅንነት፣ ለጉልበት፣ ለረጅም ዕድሜ ቀይሩ። ጀልባውም የሚገባው ይሁን። በርትራም 31 የሚባለውን የመሰለ የጀልባ አካል ካላችሁ ዓይኔን አላሽም። የዚያ አካል የመጀመሪያዋ ጀልባ ሞፒ በ1960 ከማያሚ ናሳው ውድድርን ያሸነፈች ናት። ዛሬም ብዙዎቹ በናፍጣ እየሄዱ ነው። የሞተር መቀመጫ አግዳሚው ውስጡ የበሰበሰ ጀልባ ከሆነ ግን መጀመሪያ መዶሻ ይዛችሁ አንኳኩ፤ ድምፁ ከደነዘዘ ተዉት።

የመኪና ሞተር መግዛት

አንድ ወንድሜ ደውሎ "ከዶጅ ራም የወረደ 5.9 ሊትር ከሚንስ በርካሽ አገኘሁ፣ ያው የጀልባው ነው አይደል?" አለኝ። ብሎኩ ቤተሰብ ነው፤ እውነቱን ነው። ያንማር ሲክስ ኤል ፒ የሚባለው የጀልባ ሞተርም እኮ እኛ አገር በደንብ ከምናውቀው ባለ 4.2 ሊትር የላንድክሩዘር ሞተር የመጣ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን የድሮ ጓደኛ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ጀልባ ራዲያተር የለውም። የባሕር ውሃ ፓምፕ፣ የሙቀት መለዋወጫ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ የጭስ ማኒፎልድና ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ያስፈልጋል። እነዚህን አንድ በአንድ ገዝታችሁ ስትጨርሱ ዋጋው ከተሟላ የጀልባ ሞተር አይተናነስም። ደግሞ መኪና ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ጀልባ ሁልጊዜ ዳገት ላይ ነው።

የድሮውን የፕሮፔለር ዘንግ እንዳለ መተው

330 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ያንን ጉልበት የሚያወጣው በደቂቃ 4,400 ዙር ላይ ነው። ከሚንስ 6ቢቲኤ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያንኑ 330 በ2,800 ዙር ያወጣዋል። ጉልበቱ አንድ ሆኖ ዙሩ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራል። ከ534 ኒውተን ሜትር ወደ 839 ማለት ነው፤ አንድ ከግማሽ ጊዜ በላይ። ካምቢዮው ዙሩን ይበልጥ የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ ላይ የሚደርሰው ከዚህም ይብሳል። ለቤንዚን የተሠራ ቀጭን ዘንግ ይህን አይችለውም። ዘንጉ ከወፈረ ደግሞ ኩሽኔታው፣ ከሥር የሚደግፈው ክንድ፣ ውሃ የሚከለክለው ማሸጊያ ሁሉ ይቀየራል። ይህንን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት።

ፕሮፔለር

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ያ ጥላሸት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰዎች ለሞተሩ ብዙ ሺሕ ዶላር ይከፍላሉ፤ ፕሮፔለሩ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ያጥራል። ወይም ጀልባው "ጥሩ ስለሚሄድ" አይነኩትም። የቤንዚን ሞተር ከአቅሙ በላይ የሆነ ፕሮፔለር ሲታሰርበት ይደክማል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ እዚያው ይቀራል። ናፍጣ እንደዚያ አይደለም። 2,800 ዙር ስትጠይቁት እስኪደርስ ድረስ ፓምፑ ናፍጣ ይጨምራል። ካልደረሰ የመጨረሻውን ያህል ይረጫል። ዙሩ ስለወረደ ግን ተርቦው በቂ አየር አይሰጠውም። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። ጭሱ ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ባልቦላና ፒስተን ይበላል። ይህ ሁሉ ሲሆን የውሃው ሙቀት መለኪያ ምንም ላያሳይ ይችላል።

አንድ ደንበኛ ነበረን። ሁለት አዲስ ባለ 330 ናፍጣ ሞተሮች አስገብቷል። ሙከራ ስንወጣ እስከ መጨረሻው ገፍተን ያገኘነው 2,480 ነው። "ፕሮፔለሩ ይቀነስ" አልነው። "እኔ እኮ በ2,200 ነው የምነዳው፣ እስከ መጨረሻ ገፍቼ አላውቅም" አለ። ይህን መልስ ምን ያህል ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ስህተት ነው። ፕሮፔለሩ በ2,800 ከበዛ በ2,200ም ይበዛል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሸክም ላይ ይውላል። በሁለተኛው ክረምት የግራው ሞተር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሲነሣ እኔ ነበርኩ። የአንዱ ፒስተን ጠርዝ እንደ ሻማ ቀልጦ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። የጭስ ባልቦላው ከንፈር ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ሰውዬው ከአጠገቤ ቆሞ ምንም አላለም። እኔም ምንም ማለት አልቻልኩም።

ደንቡ አጭር ነው። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ስትገፉ ሞተሩ የተጻፈለትን ዙር መድረስ አለበት። በእኔ እምነት 50 ወይም 100 ቢያልፈው ይሻላል። ጀልባ እያደር ይከብዳል፣ ሆዱም ይቆሽሻልና። ሙሉ ጭነት ስል ነዳጅ ሙሉ፣ የመጠጥ ውሃ ሙሉ፣ በረዶ፣ የዓሣ ዕቃ፣ ሰው ማለቴ ነው። ባዶ ጀልባ ይዛችሁ ወጥታችሁ "ደረሰልኝ" አትበሉ። የዳሽቦርዱን የዙር መለኪያም አትመኑት። ከፊት ባለው ፑሊ ላይ ጥፍር የምታክል አንጸባራቂ ፕላስተር ለጥፉና በብርሃን በሚለካ መሣሪያ ለኩ። የዳሽቦርዱ ከእውነተኛው በ100 ዙር ከፍ ብሎ ሲያሳይ አይቻለሁ። 100 ዙር እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው።

ልታሳድጉት ከፈለጋችሁም ቦታው ይለካ። በፕሮፔለሩ ጫፍና በጀልባው ሆድ መካከል ቢያንስ የፕሮፔለሩን ስፋት 10 በመቶ ክፍተት ተዉ። አለበለዚያ ጀልባው ሲንቀጠቀጥ ይውላል።

የነዳጅ መስመር

ይህችን እኔው ራሴ ሠርቻታለሁ። የቤንዚን ታንክ መውጫ ላይ ትንሽ ኳስና ስፕሪንግ ያላት ባልቦላ አለች። ቱቦ ቢቆረጥ ቤንዚኑ ራሱን ስቦ እንዳይፈስስ ነው። ታንኩን አጥበን፣ ፍልትሮውን አዲስ አስገብተን፣ እሷን ግን እዚያው ተውኳት። ሞተሩ 2,000 ሲደርስ ይሞታል። ፍልትሮ ቀየርኩ። አየር አወጣሁ። ደግሜ አየር አወጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ! በመጨረሻ መስመሩ ላይ የመሳብ ኃይል መለኪያ ስናስገባ ታንኩ በር ላይ እንደታነቀ ታየ። ናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው በላይ ይስባል፤ የተረፈውን ይመልሳል። ያቺ ጠባብ በር አትበቃውም። የሁለቱን ቀን ሒሳብ አላስከፈልኩም። እሷን አውጡና በምትኩ በእጅ የሚዘጋ ቧንቧ አስገቡ።

የሚመለሰው ናፍጣ ደግሞ ወደ ወጣበት ታንክ ይመለስ። ከግራ ስቦ ወደ ቀኝ ከመለሰ አንዱ ይደርቃል፣ ሌላው በመተንፈሻው ባሕር ላይ ይፈስሳል።

ጀልባው ላይ ያለውን የነዳጅ መክፈቻ ክዳን በዚያኑ ቀን ቀይሩት፤ "ቤንዚን" የሚለውን አይቶ ነዳጅ የሚቀዳው ልጅ ቤንዚን ይሞላላችኋል። የቤንዚን ጄኔሬተሩን እዚያው ከተዋችሁም ስለ ትነት የነገርኳችሁ አደጋ አብሮ ቀርቷል።

አየርና ጭስ

አንድ 330 ናፍጣ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ በደቂቃ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ አየር ይውጣል። ሁለቱ ሲሆኑ አስቡት። ከጎን ያሉት የድሮ የአየር መግቢያዎች የተቆረጡት ለዚህ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው። ሙሉ ፍጥነት ላይ ሳላችሁ ሰው የሞተሩን ክፍል ክዳን በጥንቃቄ ትንሽ ከፈት ያድርግ። ዙሩ ከጨመረ ወይም ጭሱ ከጠራ ሞተራችሁ አየር አጥቶ ነበር ማለት ነው።

የጭስ መውጫውም ይሰፋል፤ የድሮውን ቱቦና ማርሚታ አትመልሱ። ከፍታውንም ከልሱ። እያንዳንዱ ናፍጣ ከቤንዚኑ ከ100 ኪሎ በላይ ሊከብድ ስለሚችል ጀልባው ከኋላ ዝቅ ይላል። ትናንት ከውሃ በላይ የነበረው የጭስ ቱቦው መታጠፊያ ዛሬ በቂ ከፍታ ላይኖረው ይችላል። ማዕበል ከኋላ ሲገፋ ውሃው በቱቦው ገብቶ ተርቦው ጋ ይደርሳል፤ ከዚያም ሲሊንደር ውስጥ። ስለዚህ ከፍታው ሞተሮቹ ገብተው፣ ታንኩ ሞልቶ፣ ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ ይለካ።

የካምቢዮውንና የዘንጉን መግጠሚያም የመጨረሻውን ልክ የምታወጡት ውሃ ላይ ነው፤ ጀልባ መሬት ላይ ሲቆምና ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ቅርጹ አንድ አይደለም።

ክሬን ላይ የመጣው ጀልባ ባለቤት አንድ አባት ናቸው። "የኔ ልጅ፣ አልቆልኛል ማለት ነው?" አሉኝ። "የለም ጋሼ፣ ገና 40 ሰዓት ነው የሠሩት፤ ደርሰንበታል" አልኳቸው። ፕሮፔለሮቹን አውርደን ወደሚያስተካክሏቸው ሰዎች ልከናል፤ ከእያንዳንዱ 2 ኢንች ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ልክ) ይቀነሳል። ሐሙስ ይመለሳሉ። ቅዳሜ ታንኩን ሞልተን እንወጣለን። ጋሼም ሁለቱን ልጆቻቸውንና በረዶ የሞላ ሳጥን ይዘው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። ፕላስተሩን ፑሊው ላይ ለጥፌ ጨርሻለሁ።