ኮምፔርሳቶን በእጅ ሰርኩላር ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ፦ የመሪ አሠራርና አያያዝ

ሙሉ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ነው። ይህን የሚያህል ነገር በእርሳስ መስመር ብቻ እየተከተሉ በሰርኩላር (ክብ ዲስክ ባለው የእጅ ኤሌክትሪክ መጋዝ) ቀጥ አድርጎ መቁረጥ እጁ ለተፍታታ አናጺም ይከብደዋል። ዲስኩ አንዴ መንገድ ከሳተ አይመለስም፤ ላቃናው ሲሉ ጎኑ ይያዝና እንጨቱን ያቃጥላል፣ ባስ ሲልም መጋዙ ወደ ኋላ ይዘላል። ቀጥ የሚያደርገው መጋዙ የሚደገፍበት ጠርዝ ነው፤ ይህን ጠርዝ የያዘው ረጅም መደገፊያ መሪ ይባላል፣ ስለዚህ ድካሙ ሁሉ እሱ ላይ ይዋል።

መሪው ሁለት ክፍል አለው። ታች መደቡ አለ፦ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ፣ ስፋቱ 30 ሴንቲ። በላዩ ሐዲዱ ይቀመጣል፦ 12 ሚሊ ውፍረት፣ 8 ሴንቲ ስፋት ያለው፣ አንድ ጎኑ የፋብሪካ ጠርዝ የሆነ። የሐዲዱን ቀጥተኛነት ለማወቅ በጠርዙ መስመር ይሰመር፣ ከዚያ ተገልብጦ በዚያው ላይ እንደገና ይሰመር። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚታየው ክፍተት የስህተቱ እጥፍ ነው፤ ክፍተት ካለ ሌላ ይፈለግ። ከሐዲዱ ኋላ፣ መሪውን ከሚቆረጠው እንጨት ጋር አጥብቆ ለሚይዘው ክላምፕ 6 ሴንቲ ያህል ይተው። ሐዲዱ በኮላና ከታች በሚገቡ 15 ሚሊ ቪቴዎች ይታሰራል። የቪቴው ራስ መደቡ ውስጥ መስመጥ አለበት፤ ብቅ ያለ ራስ የሚቆረጠውን ይቧጭራል፣ መሪውንም ያናጋል።

ኮላው ሲደርቅ የመጋዙን የብረት መቀመጫ ሐዲዱ ላይ አስደግፎ መደቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ መቁረጥ ነው። አሁን የመደቡ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ሆነ፤ ከዚህ በኋላ የመጋዙን ስፋት ማስላት የለም፣ ጠርዙን ምልክቱ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። መሪው ግን የዚያ መጋዝና የዚያ ዲስክ ብቻ ነው። ወፈር ያለ ዲስክ ቢገባበት ጠርዙን ይበላዋል፤ ቀጠን ያለ ከሆነ ልኩ ይዛባል።

ለወርዱ 160 ሴንቲ መሪ ይበቃል፤ መጋዙ እንጨቱን ሳይነካ ጀምሮ ካለፈ በኋላ እንዲቆም ከሁለቱም በኩል ትርፍ ያስፈልጋል። ለቁመቱ 280 ሴንቲ ያስፈልጋል፣ እንጨቱ ደግሞ 244 ብቻ ነው። ያኔ መደቡን ከሁለት ቁራጭ ገጥሞ ሐዲዱን ከማይቀጠል የአሉሚኒየም ቱቦ ማድረግ ነው። የመጋዙ ሞተር ቱቦውንም ክላምፑንም ሳይነካ ማለፉን ሳያስነሱ ገፍቶ ማየት ይገባል።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ እንጨቱን ማሳደርም የሥራው አካል ነው። ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ኮምፔርሳቶ አንድ ፊቱ ቀድሞ ይደርቅና ይጎብጣል፤ የጎበጠ ላይ መሪ አይተኛም። ጥላ ውስጥ ሞራሌ ላይ ተጋድሞ ይደር፣ ሥራውም በማለዳ ይሁን። ነፋስ ያመጣውን አሸዋ በደንብ መጥረግ አይረሳ፦ አንዲት ፍሬ አሸዋ ከመሪው ሥር ከገባች መሪው ይንሸራተታል።

ከመለካት በፊት የፋብሪካው ማዕዘን ይፈተሽ፤ ከጥግ ጥግ በሰያፍ ሁለቱም ወደ 272.8 ሴንቲ መምጣት አለባቸው። ከተለያዩ ማዕዘኑ ትክክል አይደለም፣ መጀመሪያ አንድ ጎን ይስተካከል። ዲስኩ የሚበላው ደግሞ አይረሳ። 244ን ለአራት ከፍሎ 61 ሴንቲ ላይ ምልክት ያደረገ መጨረሻው ያጥርበታል። ዲስኩ 3 ሚሊ ከበላ ሦስቱ ቁርጦች 9 ሚሊ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዱ 60.7 ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመስመር ይልቅ ቆርጦ፣ ለክቶ፣ ቀጣዩን መቁረጥ ይሻላል።

አራት ሞራሌ ከመቁረጫው መስመር ጋር ትይዩ ሆነው፣ ሁለት በዚህ ሁለት በዚያ ይደርደሩ። መሃሉ ሳይደገፍ ቀርቶ ከጎበጠ የተቆረጠው ክፍተት ከላይ ይገጥምና ዲስኩን ያንቃል፤ መጋዝ ወደ ኋላ የሚዘለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። በመጋዙ ቀጥታ ኋላ ሳይሆን ጎን ብሎ መቆም ይበጃል።

የእጅ ሰርኩላር ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚነሳ የሚሸረፈው የላይኛው ፊት ነው፤ ቆንጆው ፊት ወደ ታች ይዙር። በመሪው በኩል ያለውን ጠርዝ መደቡ ጫን ብሎ ይይዘዋል፣ በሌላው በኩል ያለው ግን ይሸረፋል፤ እሱም የሚፈለግ ከሆነ መስመሩን አስቀድሞ በካተር ሰንጠቅ ማድረግ ነው። ለ18 ሚሊ እንጨት ጥልቀቱ 30 ሚሊ ይሁን፦ 6 ለመደቡ፣ 18 ለእንጨቱ፣ 6 ለትርፍ። የመደቡን ውፍረት የረሳ እንጨቱ ሳይበጠስ ይቀርበታል። ዲስኩ 40 ጥርስና ከዚያ በላይ ያለው ይሁን።

መጋዙ ሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ብቻ ወደ እንጨቱ ይግባ፣ እጅም ሁልጊዜ ወደ ሐዲዱ ይጫን። ድምፁ ከከበደ ግፊቱ በዝቷል ወይም ኤክስቴንሽኑ ቀጭንና ረጅም ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማብሪያውን ለቆ ሶኬቱን መንቀል ነው፤ መብራቱ ሲመጣ መጋዙ በራሱ ሊነሳ ይችላል። እንደገና ሲጀመር ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ፣ ዲስኩ ምንም ሳይነካ ማስነሳት ነው።

መሪው ሥራ ሲያበቃ በሁለቱም ፊት ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ ጥላ ውስጥ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ ጠርዙ ላይ ምንም አይደገፍበት።