ሲዲኤ ለምታሳድሱ የሕፃናት መምህራን

አሜሪካ ውስጥ ሲዲኤ (የሕፃናት መምህራን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) የሚታደሰው በየ3 ዓመቱ ነው፤ የ45 ሰዓት ስልጠና ማስረጃ ይጠየቃል። የሚያስቸግረው መሰልጠኑ ሳይሆን የወረቀቱ መጥፋት ነው። ሰርተፍኬቱን እንደተቀበላችሁ፣ ከወንበራችሁ ሳትነሱ፣ በስልክ ፎቶ አንሱትና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት። ርዕሱ ላይ «ሲዲኤ፣ ማርች 12፣ የ3 ሰዓት ስልጠና» ብላችሁ ጻፉ። የማደሻው ጊዜ ሲደርስ ኢሜይላችሁ ውስጥ «ሲዲኤ» ብላችሁ ስትፈልጉ ሁሉም ተደርድሮ ይመጣል፤ የሚቀረው ሰዓቱን መደመር ነው።

ፎቶውን ስታነሱ ስማችሁንም እዩት። የእኛ ስም ላይ የአባትና የአያት እየተቀላቀለ ስንቱን አንገላቷል! አሰልጣኙ እዚያው እያለ ማሳረም በጣም ይቀላል።

የመጀመሪያ ዕርዳታና የሲፒአር (ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚሰጥ ዕርዳታ) ካርድ ግን በፎቶ ብቻ አይታለፍም። አብዛኛውን ጊዜ በ2 ዓመት ጊዜው ያልፋል፤ ስታመለክቱ ያላለፈበት መሆን አለበት።