«ፈረንጅ ናት ወይ?» ከማለትዎ በፊት፦ በድመት ግልገሎች ላይ የሚፈጸሙና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሐዋሳ ከአረብ ሰፈር እስከ ታቦር ድረስ በየቤቱ እየተጠራሁ እንስሳትን ማከም ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ድመት ወልዳለች ተብዬ በሄድኩበት ቤት የሚቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ዛሬም አልተለወጠም። ግልገሎቹ ጠብተዋል ወይ፣ ሞቋቸዋል ወይ የሚለኝ ጥቂት ሰው ነው። «ዶክተር፣ ይቺኛዋ ፈረንጅ ናት አይደል?» የሚለኝ ብዙ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ጸጉር አይቶ ዘር መፍረድ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ድመታቸው የወለደቻቸውን አራት ግልገሎች በካርቶን አስቀምጠው አሳዩኝ። ሁለቱ ዥጉርጉር፣ አንዱ ቡላ፣ አራተኛዋ እንደ ተነደፈ ጥጥ ያለች ነጭ ነበረች። ሦስቱን ለጎረቤት በነጻ ሊያድሉ፣ ነጯን በብዙ ብር ሊሸጡ ወስነዋል። «እትዬ፣ አባቷን ያውቁታል?» ስላቸው «በአጥር ዘሎ የሚገባውን ማን ያውቃል!» አሉኝ። አንዲት ድመት በአንድ የፍትወት ወቅት ከአንድ በላይ ወንድ ስለምትገናኝ በአንድ ካርቶን የተኙ ግልገሎች የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል፤ ረጅም ጸጉር ደግሞ ጸጉራቸው አጭር በሆነ ወላጆች ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ በልጅ ላይ ብቅ የሚል ባሕርይ በመሆኑ፣ የነጯ ጸጉር ለፈረንጅ አባት ማስረጃ አይሆንም። በዚያ ላይ የአምስት ሳምንት ግልገል ሁሉ ጸጉሩ ብን ያለ ነው። «ፐርሺያን» በሚባለው ባለ ረጅም ጸጉር የፈረንጅ ዘር ስም በውድ የተገዛ አንድ ግልገል አውቃለሁ፤ በስድስት ወሩ ልሙጡ የሰፈራችን ድመት ሆኖ ቁጭ አለ።

ዘር ያለው ድመት የሚባለው ወላጆቹና አያቶቹ በድመት አርቢዎች ማኅበር መዝገብ ላይ በስም የሰፈሩለት ነው። ልማዱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ ትልቅ የድመት ትርኢት ከተካሄደ በኋላ ነው። ወረቀት የሌለው «ፐርሺያን» ለእኔ ጸጉራም ድመት ነው፤ የሚከፍሉት ለጸጉሩ መሆኑን አውቀው ይክፈሉ። «አቢሲኒያን» የሚባለው ዘር እንኳ የአገራችንን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ ከተመለሱ የእንግሊዝ ወታደሮች ጋር ሄደ በሚል ወሬ ሲሆን፣ የዘረመል ጥናቶች መነሻውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይወስዱታል። በስማችን የሚጠራው ድመት የትውልድ ቦታው እንዲህ ካጠራጠረ፣ የመናኸሪያ ሻጭ ቃል ምን ያህል ሊታመን ነው?

የዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያርፈው በግልገሉ ላይ ነው። ጸጉሩ ገበያ የሚያወጣው በአምስተኛው ሳምንት ስለሆነ ሻጭ ከእናቱ ጡት ነጥቆ ያወጣዋል፤ ገዢም ትንሽነቱን እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ በፌስታል አንጠልጥሎ ይወስደዋል። ይህንን ባየሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል። ግልገል በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ምግብ መቅመስ ቢጀምርም ጡት እስኪተው ድረስ ወደ ስምንት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ንክሻውን መመጠን የሚማረውም ከእኛ ሳይሆን ወንድሙን አጥብቆ ሲነክስ መልሶ ከሚደርስበት ንክሻና ከእናቱ ጥፊ ነው። አለጊዜው የተወሰደ ግልገል ተቅማጥ ይዞት ወደ እኔ ይመጣል፤ ከተረፈም የልጆችን እጅ የሚቧጭር «ክፉ ድመት» ተብሎ ከቤት ይባረራል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው አይውሰዱ፤ አሥራ ሁለት ቢሞላው ደግሞ የተሻለ ነው። ሻጩ ቶሎ ካልወሰዱት ሌላ ሰው ይወስደዋል ካለ፣ ይውሰደው።

የላም ወተት ለግልገል አይስማማም፤ ያስቀምጠዋል። እናቱ የሞተችበት ከሆነ ሌላ የምታጠባ ድመት መፈለግ ወይም ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ማግኘት ይሻላል። ከወተቱ በፊት ግን ሙቀት ይቀድማል፤ የቀዘቀዘ ግልገል የጠጣውን መፍጨት ስለማይችል፣ ሙቅ ውኃ የያዘ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቡ ያኑሩለት። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዱን ግልገል እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝቼ በመርፌ የለሽ ስሪንጅ ወተት አጠጣሁት፤ ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ በማግስቱ ሞተ። በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን በመጠኑ ቀና አድርጎ መጠጣት እንዳለበት ያወቅሁት በእርሱ ነው። ሲወለድ መቶ ግራም አካባቢ የሚመዝን ግልገል በቀን አሥር ግራም ያህል መጨመር ስላለበት፣ በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ መመዘን ከእኔ ምርመራ በፊት ችግሩን ይነግርዎታል።

ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ የዓሣ እሾህ ለግልገል አይሰጥም። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒትም፣ ፓራሲታሞልም ድመትን ይገድላሉ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

«የሀበሻ ድመት አይታመምም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ፊቱ የተደፈጠጠ ፐርሺያን ዓይኑ ያለቅሳል፣ አተነፋፈሱ ይከብዳል፣ በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት በሽታም ያጠቃዋል፤ ስኮቲሽ ፎልድ የሚባለው ዘር የታጠፈ ጆሮም መላ መገጣጠሚያውን የሚያሳምም የልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ጉድለት ምልክት ነው። ክልሱ ከእነዚህ በብዙው ያመልጣል። ከቁንጫ፣ ከሆድ ትል እና ከእብድ ውሻ በሽታ ግን የሚያመልጥ ዘር ስለሌለ፣ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ያስከትቡ።

የመጨረሻው ስህተት የምታጠባ ድመት አታረግዝም ብሎ መዘናጋት ነው። በደንብ ታረግዛለች፤ ግልገሎቹ ጡት እንደተዉ ማስመከን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እኚያ የነጯ ባለቤት ይህንን ስነግራቸው «ገና አራስ ናት እኮ!» ብለው ሳቁብኝ። ሦስት ወር ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። «አምስት ወለደች፣ ሁለቱ ቀዝቅዘውብኝ ሃይላንዱን አድርጌላቸዋለሁ፤ ቶሎ ድረስልኝ» አሉኝ። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «አንደኛዋ ግን ጸጉሯ...» ብለው ጀመሩ።