የሰፈር መልሶ ማልማት ሲታቀድ ነዋሪውን እንዴት እናማክር?

በደብረ ብርሃንም ሆነ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ አንድ ነባር ሰፈር በመልሶ ማልማት እንዲካተት ሲወሰን ነዋሪው ነገሩን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ፕላኑ ተሥሎ ካለቀ፣ ካርታውም በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጠራው ስብሰባ ገለጻ እንጂ ምክክር ሊባል አይችልም፤ ማማከር ማለት የሚሰጠው መልስ ውሳኔውን ሊለውጥ በሚችልበት ጊዜ መጠየቅ ነውና። ከዚህ በታች ያለው በሰሜን ሸዋ ከተሞች ለሚሠሩ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያዎችና ከነዋሪው ለሚመረጡ የልማት ኮሚቴዎች የተጻፈ ነው።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕዝብ ተሳትፎን ከመሠረታዊ መርሆቹ ውስጥ አስገብቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ይዞታቸው ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድባቸው ሰዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ 1 ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ፣ በፕላኑ መሠረት የማልማት አቅም ያለው ነባር ባለይዞታም ቅድሚያ እንዲያገኝ፣ ቅሬታ ያለው ሰውም ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለተደረገበት፣ ኮሚቴው በሥራ ላይ ያለውን ቅጂ ከማዘጋጃ ቤቱ የሕግ ባለሙያ ወስዶ አንቀጾቹን ለነዋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራ በሰፈሩ ማን እንዳለ ማወቅ ነው። የቀበሌው መዝገብ የሚቆጥረው ቤትን ነው፤ የእድሩ መዝገብ የሚቆጥረው ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍለውን አባወራና እማወራ ነው፤ ሁለቱም ደባሉን፣ ጥገኛውን፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በየፋብሪካው የሚሠራውን ወጣት አያውቁትም። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ ነባር ሰፈሮች ካርታ ያለው ባለይዞታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይና ሰነድ አልባ ነዋሪ በአንድ አጥር ውስጥ ተደባልቀው የሚኖሩባቸው ሆነዋል፤ ልማቱ ለሦስቱም የሚያመጣው ነገር የተለያየ ነው። ስለዚህ ሁለቱን መዝገቦች አስተያይቶ፣ ሰፈሩን የሚያውቁ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተመድበው ቤት ለቤት መዞር አለባቸው። ዝርዝሩ ሲያልቅ ለእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ይነበብላቸው፤ የተዘለለውን ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምይዘው፣ ከነዋሪው ጋር በእግር መዞር ነው። ይህ የሚደረገው አንድም መስመር ሳይሠመር ነው። ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዎች ባሉት ቡድን፣ ቢቻል ሴቶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ አድርጎ መሄድ ይሻላል፤ ሽማግሌ ባለበት ወጣቱ፣ ባል ባለበት ሚስት የልባቸውን አይናገሩምና። ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። በአንዲት የዞኑ ከተማ ስሠራ በሁለት አጥሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በረቂቁ ላይ «ክፍት ቦታ» ብዬ መዝግቤ የንግድ ሕንፃ አሳርፌበት ነበር። በአዳራሹ ስብሰባ ማንም አልተቃወመም። በማግሥቱ ዘግይቼ ባደረግሁት ዙረት ግን አረቄ በማውጣት የሚተዳደሩ አንዲት እናት እዚያ ስንደርስ ቆም አሉና «ልጄ፣ ይኼማ ክፍት አይደለም፤ ሬሳ የምናወጣበት ነው» አሉኝ። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ዳገቱን ሳይወጡ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱት በዚያ ብቻ ነበር። ለምን ትናንት እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው፣ ካርታው ላይ የትኛው የእሳቸው ሰፈር እንደሆነ እንዳልለዩት ሳቅ ብለው ነገሩኝ።

እኒሁ እናት ወደ ግቢያቸው አስገብተው ድፍድፉ የሚብላላበትን በርሜል፣ ምድጃውን፣ በጎተራ ጥግ የተከመረውን ኩበት አሳዩኝ። ግቢው ለእሳቸው የሥራ ቦታ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ንጹሕ ክፍል ቢሰጣቸው የሚያጡት ቤት ሳይሆን እንጀራቸውን ነው። በዙረቱ ጊዜ ስለዚህ በየግቢው ምን እንደሚሠራ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ በክረምት ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፣ ልጆች በየት አቋርጠው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ተጠይቆ በረቂቅ ካርታው ላይ በእጅ ይጻፍ።

ሦስተኛው ረቂቁን ማሳየት ነው። በ1፡2000 መጠን በተሠራ ካርታ ላይ 15 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ከ7.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እንኳን ቤቱ ይፈርስ እንደሆነ የጨነቀው ሰው፣ የለመደ ባለሙያም በዚያ ቅጥነት ይታለላል። መንገዱ የሚያልፍበትን መስመር በችካልና በሲባጎ ወጥሮ፣ የአዲሱን ሕንፃ ጠርዝ በኖራ አሥምሮ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት መተው ይገባል። ሰው ማታ ከሥራ ሲመለስ ገመዱ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ለሁለት ከፍሎት ሲያገኘው፣ በአዳራሽ ያልጠየቀውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንዳንድ ኃላፊዎች ይህ ሁከት ይፈጥራል ብለው ይፈራሉ፤ እኔ ግን ጥያቄው በችካል ጊዜ ቢመጣ በዶዘር ጊዜ ከሚመጣ ይረክሳል ባይ ነኝ።

ስብሰባውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የገበያ ቀን፣ ዓመት በዓልና የዓርብ ጸሎት ሰዓት ይቅር፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አረጋውያንን መጥራትም ግፍ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ በሚሰበሰብበት፣ በራሱ ድንኳን፣ በራሱ ዳኛ መሪነት መነጋገር ከአዳራሹ መድረክ ይበልጣል። «የምትስማሙ እጅ አውጡ» የሚለው ጥያቄ ፈጽሞ አይጠየቅ።

የሚነሳ ቦታ ካለ፣ ባለሙያው ያልተወሰነ ነገር ቃል እንዳይገባ ይጠንቀቅ። ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ደግሞ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይሻ እንደሆነ እያንዳንዱ በጽሑፍ ይጠየቅ። አብረው መሄድ የሚፈልጉ የአንድ እድር አባላት ካሉም በአንድ ቡድን ይመዝገቡ፤ ሰው ለየብቻው ሲበተን ቀባሪና አስታማሚም አብሮ ይበተናል።

ሁሉም ሲያልቅ የሚቀረው መዝገብ ነው። ተራ ቃለ ጉባኤ «ሰፊ ውይይት ተደርጎ መግባባት ላይ ተደርሷል» ብሎ ስለሚዘጋ አይበቃም። የተነሳው ሐሳብ፣ ያነሳው ወገን፣ የተሰጠው መልስና ምክንያቱ በአራት ዓምድ ይጻፍ፤ «የቃሬዛ መንገድ ይቅርልን፤ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ሕንፃው ወደ ምሥራቅ ተገፍቷል» ወይም «የወፍጮ ቤቱ አይነሳ፤ አልተቻለም፣ የዋናው ውኃ መስመር ያልፍበታል» እንዲል። እምቢታ ከነምክንያቱ ሲጻፍ ነዋሪው ይቀበለዋል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቅሬታ ሲያቀርብ ምን ላይ እንደሚከራከር ያውቃል። መዝገቡ በእድሩ ስብሰባ ተነቦ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ቅጂ በጸሐፊው እጅ ይቆይ።

ግንባታው ከተጀመረም በኋላ ያው ቡድን አይበተን። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ በዝናቡ መሐል ጃንጥላ ይዘው እንደገና ይዙሩ፤ አዲሱ የውኃ መውረጃ ቦይ ጎርፉን ወደ ማን ግቢ እንደሚልከው የሚታየው ያኔ ነው።