መረጃ ሲከለከሉ፦ ከመዝገብ ቤት እስከ ፍርድ ቤት

ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ውስጥ የተጀመረ የኮብልስቶን መንገድ ቆሟል እንበል፤ የሥራ ተቋራጩን ውል ማየት ይፈልጋሉ። ቢሮው «አይሰጥም» ብሎ ከበር ቢመልስዎ ገና የሚከራከሩበት ነገር በእጅዎ የለም። የተከለከሉት ነገር በወረቀት ላይ መቀመጥ አለበት።

ማመልከቻውን ሲጽፉ ሰነድ እንጂ ማብራሪያ አይጠይቁ። «ሥራው ለምን ዘገየ?» ለሚል ጥያቄ የሚመጣው መልስ ወሬ ነው። «የውሉ፣ የክፍያ ሰነዶቹና የርክክብ ቃለ ጉባኤው ግልባጭ» ብለው በስም ይዘርዝሩ። የመረጃ ነፃነትን የደነገገውን አዋጅ ቁጥር 590/2000ን እና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 እና 29 ይጥቀሱ። «አዋጁ ተሽሯል» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። በአዋጅ 1238/2013 የተተካው የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ ነው፤ የመረጃው ክፍል ሥራ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው መዝገብ ቤት ላይ ነው። ማመልከቻውን ሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን ሲያስገቡ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም እንዲያርፍበት ያድርጉ። «ትተኸው ሂድ፣ እንደውልልሃለን» ሲባል እሺ ብሎ መውጣት መዝገቡን ገና ሳይከፈት መዝጋት ነው፤ በኋላ «አልደረሰንም» ቢሉ ማስረጃ የለዎትም። ጭራሽ አንቀበልም ካሉ ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልከው ደረሰኙን ከቅጂው ጋር ያያይዙ። ይህ መመላለስ ያታክታል፤ ግን እዚህ ላይ የተበላሸውን ማንም ጠበቃ ኋላ ሊጠግነው አይችልም።

ለመልስ የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ጥቅምት 5 ካስገቡ ኅዳር 5 ይሞላል። ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን ቀኑ ቀደም ይላል፦ ነሐሴ 10 የገባ ማመልከቻ ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 5 ይሞላል። እስከዚያ ዝም ካሉ ዝምታውን እንደ ክልከላ ቆጥረው ይቀጥሉ። «ምስጢር ነው» ካሉ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል በጽሑፍ ይጠይቁ። የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢርና የአገር ደኅንነት የመሳሰሉት በአዋጁ ልዩ ሁኔታ ተብለዋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኀፍረት ግን ከነዚህ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ አቤቱታዎን ያቅርቡ፦ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታ ማቅረብም በነፃ ነው። እነዚህን ዘልሎ ፍርድ ቤት መሄድ አይመከርም፤ «መጀመሪያ በአስተዳደር በኩል ይጨርስ» የሚል መቃወሚያ ይመጣብዎታል። አንድ ስህተት ደግሞ ይደጋገማል፦ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012ን በጎንደር ከተማ አስተዳደር ላይ መጥቀስ፤ አዋጁ ለፌዴራል ተቋማት የወጣ ስለሆነ እዚህ አይጠቀስም።

ፍርድ ቤት ሲደርሱ ማኅተም ያረፈበትን ማመልከቻ፣ መልሶቹንና ለኃላፊውም ለተቋሙም ያቀረቡትን አቤቱታ በቀን ቅደም ተከተል አያይዘው በማስረጃ ዝርዝር ይመዝግቧቸው። በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ፈጣን ናቸው፤ የዳኝነት ጥያቄውን ግን ራስዎ አርቅቀው ይስጧቸው። «ፍትሕ ይሰጠኝ» ብቻ አይበቃም። «ክልከላው ተሽሮ የውሉ ግልባጭ እንዲሰጠኝ፤ ይህ ከታለፈ ምስጢር የተባለው ክፍል ተሸፍኖ ቀሪው እንዲሰጠኝ» ብለው በአማራጭ ይጠይቁ። ከፊርማዎ በላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት በእውነት የቀረበ መሆኑን የሚያረጋግጠው መስመር መኖሩን ሳያዩ አያስገቡ።