ኮናን ሰዓቱን ሲያነጣጥር መጽሐፉን ዝጉት

ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። ማታ ሱቁን ልዘጋ ስል የእህቴ ልጅ ይመጣል። 13 ዓመቱ ነው። የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዲቴክቲቭ ኮናን ከሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ (ማንጋ) አንድ ቅጽ ዘርግተን አብረን እናነባለን። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ለልጁ ብሎ ሰባት ቅጽ ይዞ መጣ፤ እኔም በዚያው ቀረሁ።

ታሪኩ ለሰሚው እንግዳ ነው። ሺኒቺ ኩዶ የ17 ዓመት ተማሪና የታወቀ መርማሪ ነው። ጥቁር የለበሱ ሰዎች መርዝ ያስውጡታል። አይሞትም፣ ግን ሰውነቱ ወደ ትንሽ ልጅ ይመለሳል። ማንነቱን ለመደበቅ ከአርተር ኮናን ዶይልና ከኤዶጋዋ ራንፖ ስም ቆርጦ ኮናን ኤዶጋዋ ይሆናል። የሚጠጋው የሚወዳት ልጅ የራን ቤት ነው። አባቷ ኮጎሮ ደግሞ መርማሪ ነኝ ባይ፣ ግን ሁሌ የሚሳሳት ሰው ነው። ሕፃን ሲናገር ማን ይሰማል? ስለዚህ ኮናን ከእጅ ሰዓቱ በሚወጣ መርፌ ኮጎሮን ያስተኛውና ከጀርባው ተደብቆ በሱ ድምፅ ጉዳዩን ይፈታል። ሰውየው ሲነቃ ጀግና ሆኖ ያገኘዋል። እኛ ሁሌ እንስቃለን።

ስትፈልጉ በእንግሊዝኛ ኬዝ ክሎዝድ የሚል ሽፋን እዩ። ስሞቹም ተቀይረዋል፦ ሺኒቺ ጂሚ፣ ራን ሬቸል፣ ኮጎሮ ሪቻርድ ሙር። የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እኛ የጀርባ ሽፋን የምንለው የሱ ፊት ነው። በየገጹ ከላይ ከቀኝ ጥግ ጀምሩ። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ኮናን ሰዓቱን ከፍቶ ኮጎሮ ላይ ሲያነጣጥር መጽሐፉን ዝጉት። ያ ሥዕል ምልክት ነው። ልጁ መልሱን አግኝቷል ማለት ነው፤ እሱ ያየውን አብዛኛውን እናንተም አይታችኋል። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ሬሳው የተገኘበትን ክፍል ሥዕል እንደገና ተመልከቱ። ንግግሩን ተዉት፣ ዕቃውን እዩ። ጠረጴዛው ላይ ምን ነበር? ማን በየትኛው እጁ ነው ብርጭቆ የያዘው? ከዚያ ገዳዩንና ዘዴውን በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፣ አጥፋችሁ ገጹ መሐል አስገቡ። በቃል የተገመተ አይቆጠርም፤ መልሱ ሲመጣ ሁሉም "እኔም ብዬ ነበር" ይላል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ገዳዩ ገና ሳይታወቅ ሁለመናው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይሣላል። የእህቴ ልጅ ለብዙ ጊዜ መርዙን ያስዋጡት ሰዎች ይመስሉት ነበር። አይደሉም። እነዚያ ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸው የሚታይ፣ እንደ ጂንና ቮድካ በመጠጥ ስም የሚጠሩ ናቸው። ጥላው ግን የዚያ ጉዳይ ሰው ነው፣ ሴትም ልትሆን ትችላለች።

ቀጣዩ ቅጽ እጃችሁ ካልገባ የመጨረሻውን ጉዳይ አትጀምሩ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በሳምንታዊ መጽሔት በምዕራፍ በምዕራፍ የሚወጣ ስለሆነ፣ ቅጽ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ጉዳይ መሐል ነው። እኛ ሰባተኛውን ስንጨርስ ስምንተኛው እስኪመጣ ወራት ጠበቅን። ልጁ በየማታው "አክስቴ፣ ማን ይመስልሻል?" ይለኝ ነበር።

የክር ነገር ሙያዬ ስለሆነ ይስበኛል። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከውስጥ የተቆለፈ በር ሞልቷል፤ ዘዴው ደግሞ ክር፣ መርፌ ወይም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሆኖ ይገኛል። አንድ ማታ የሱቄን መቀርቀሪያ ከውጭ ሆኜ በስፌት ክር ለመሳብ ሞከርኩ። ተበጠሰ። በማግስቱ ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ሁለት ክንድ ናይለን ለምኜ መጣሁ፤ በሦስተኛው ሙከራ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ ጉዳዩ ከአእምሯችሁ አይጠፋም። ፍንጩ የጃፓን ፊደል ላይ ሲሆን ግን አትድከሙ፣ ዝም ብላችሁ አንብቡ።

ሰባተኛው ቅጽ ላይ ደሴት፣ ፒያኖና የቤትሆቨን ሙዚቃ ያለበት ጉዳይ አለ። እሱን በአንድ ቁጭታ አንብቡት። እዚያ ጋ ሳቁ ይቆማል፤ ኮናን ጉዳይ መፍታት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያይበት ነው። እኔ መጽሐፉን የወደድኩት ያን ማታ ነው።

መርዙን ያስዋጡትን ሰዎች ለማግኘት ብላችሁ ቅጽ አትዝለሉ። በጃፓን ከ100 ቅጽ በላይ ወጥቷል፤ እነሱ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። 18ኛው ላይ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ትመጣለች፤ ማን እንደሆነች አልነግራችሁም። እኛ እሷ ጋ ልንደርስ ሁለት ቅጽ ቀርቶናል። ትናንት ማታ ኮናን ሰዓቱን ሲከፍት ዘግተነዋል፤ መሐሉ ላይ ሁለት የታጠፈ ወረቀት አለ።